ከድንቹ ጋር የመጣው እንግዳ

ድንችን የኛ አድርገን ነው የምናስበው። ጉና ሥር ላደገ የጋይንት ልጅ፣ ለእስቴም ሆነ ለስማዳ ደገኛ፣ ድንች እንደ ገብስ ሁሉ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነው። የክረምት ምሽት ማለት ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እያጣቀሱ መብላት ነው። ይሁን እንጂ ገብስ በዚህ ምድር ሺህ ዓመታትን ሲያስቆጥር ድንች ገና ሁለት መቶ ዓመት እንኳን አልሞላውም። ድንች ደግሞ በዓለም ላይ በሄደበት ሁሉ የሚከተለው አንድ እንግዳ አለ። በዓይን አይታይም፤ ቤት ሲገባም አያንኳኳም። ይህ ጽሑፍ የሁለቱ ታሪክ ነው፦ የድንቹም፣ የእንግዳውም።

ጀርመናዊው እና ክፉ ቀን

ድንችን ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። በ1837 እ.ኤ.አ. መጥቶ ኑሮውን በትግራይ አደረገ። ሥራው ዕፅዋት እየለቀመ፣ እያደረቀ፣ ወደ አውሮፓ መላክ ነበር። ድንቹን አመጣ የሚባለው በ1858 እ.ኤ.አ. ነው። የአገሩ ፖለቲካ ግን አልማረውም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ካገቷቸው አውሮፓውያን ጋር ተቆጥሮ፣ የተፈታው በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ ነው። ንጉሡ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያቀኑ ያቋረጡት ደግሞ ዛሬ ድንች የሚተከልበትን የጋይንትን ደጋ ነው። ሺምፐር ከዚያ በኋላም አገሩ አልገባም፤ በ1878 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሞተ።

ድንቹ ቢመጣም ገበሬው ወዲያው አልተቀበለውም። ለምን ይቀበል? ጤፍ አለው፣ ገብስ አለው፣ ባቄላ አለው። ከመሬት ሥር የሚወጣ፣ እንጀራ የማይሆን፣ ጎተራ ውስጥ የማይከርም ነገር ማን ይፈልጋል? ሐሳቡን ያስቀየረው ክፉ ቀን ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሩን የፈጀው ያ ረሃብ የጀመረው በከብት እልቂት ነበር። ከውጭ በገቡ ከብቶች የመጣ ደስታ በሽታ በሬውን ሁሉ ጨረሰ፤ በሬ ሲያልቅ ማረሻው ቆመ፤ ድርቁና አንበጣው ተከተለ። በሬ የሌለው ገበሬ ጤፍ ማረስ አይችልም። ድንች ግን በዶማም ይተከላል። በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል፤ መውቂያ አይፈልግም፤ ወፍጮም አይፈልግም። የታሪክ ጸሐፊዎች ድንች በሰፊው የተለመደው ከዚያ ረሃብ ወዲህ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። ድንች የገባው በእንግድነት ሳይሆን በችግር ቀን ደራሽነት ነው።

ይህ ነገር በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ትርጉሙ ከሌላው ቦታ ይከብዳል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ፤ አራቱም ሴፍቲኔት የገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሥሙ አዲስ ነበር እንጂ ችግሩ አዲስ አልነበረም። ደጋው ቁልቁለት ነው፤ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ዓባይ ገባሮች ይወርዳል፤ ማሳው ከአባት ወደ ልጅ ሲካፈል ጠቧል። ከባዶቹ ወራት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ያምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው። በበልግ ዝናብ የተተከለ ድንች የሚደርሰው በትክክል በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ስለዚህ የድንች ማሳ መጠውለግ እዚህ አገር የገበያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሐምሌ ጉዳይ ነው።

አረንጓዴ ሆኖ የሚሞት

ድንች ብዙ ጠላት አለው። በጣም የታወቀው ገበሬው ምች የሚለው፣ ቅጠሉን እንደ እሳት የሚያጠቁር በሽታ ነው። እሱ ቢያንስ ራሱን ይገልጣል። ሌላው ግን አመጣጡ ለየት ይላል። ጠዋት ላይ ደህና የነበረ ተክል ቀትር ላይ ውሃ እንደጠማው ቅጠሉን ይጥላል። ማታ ቀና ይላል። በማግስቱ ደግሞ ይደገማል። ከቀናት በኋላ መነሣት ይተዋል፤ ቅጠሉ ግን ገና አረንጓዴ ነው። አፈሩ ርጥብ ነው፣ ተክሉ በጥም ይሞታል።

የግብርና ባለሙያዎች ይህን የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ይሉታል። ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የጠወለገውን ግንድ ከሥሩ ቆርጦ፣ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ነክሮ ዝም ብሎ ማየት ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ቀጭን የወተት ክር ያለ ነገር እየተንጠባጠበ ወደ ታች ይወርዳል። ያ ክር ራሱ ባክቴሪያው ነው፤ ሚሊዮኖች ሆኖ፣ በራሱ አተላ ተጠቅልሎ። ድንቹንም ቢቆርጡት ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ይታያል፤ ሲጫኑት ነጭ ፈሳሽ ያወጣል። አንዳንዴም ከድንቹ ዓይን ላይ የሚወጣው ሙጫ አፈር ይዞ ይጣበቃል።

ባክቴሪያው ዛሬ ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም ይባላል። በ1896 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ መርምሮ ሥም ያወጣለት አሜሪካዊው ኧርዊን ስሚዝ ነው። የሚገርመው ነገር፣ በዚያን ዘመን ባክቴሪያ ተክል ያሳምማል ብሎ መናገር ራሱ ድፍረት ነበር። ፓስተርና ኮህ ባክቴሪያ ሰውንና ከብትን እንደሚገድል ካሳዩ በኋላም፣ አልፍሬድ ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር ተክል በባክቴሪያ አይታመምም፣ የሚታየው ከሞተ በኋላ የሚመጣ ብስባሽ ነው ብሎ በጽሑፍ ተከራከረ። ስሚዝም በጽሑፍ መለሰ፤ ማስረጃውን በማስረጃ ላይ እየደረደረ፣ ቃላቱንም ሳያለሰልስ። የሁለቱ ጠብ ዓመታት ፈጀ። ያሸነፈው ስሚዝ ነው፤ የዕፅዋት ባክቴሪያ ጥናትም ከዚያ በኋላ ራሱን ችሎ ቆመ።

የኛም አገር ሥም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1968 እ.ኤ.አ. ዳኛቸው ይርጉ ከእንግሊዛዊው ብራድበሪ ጋር ሆነው የእንሰትን አጠውልግ በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለዓለም አስተዋወቁ። ጎንደሬው ኮባ የሚለው፣ ቅጠሉ ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ የሚፈለገው ተክል ማለት ነው፤ ለደቡብ ሕዝብ ደግሞ ዋና ምግቡ ነው። ያ ባክቴሪያ በ2001 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ታየ፤ ከዚያም የሐይቆቹን አካባቢ የሙዝ እርሻ አናወጠ። የእንሰቱና የድንቹ ባክቴሪያዎች የቅርብ ዘመድ አይደሉም። የሚሠሩበት መሣሪያ ግን አንድ ዓይነት ነው። ወደ እሱ እንግባ።

አንድ ሴል ቤት እንዴት ይሰብራል?

ለብዙ ዘመን ሳይንቲስቶች የሚያውቁት ባክቴሪያው እንደሚገድል ነው፤ እንዴት እንደሚገድል አልነበረም። መልሱ የተገኘው ጂን በማበላሸት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቱሉዝ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ክርስቲያን ቡሼና ባልደረቦቹ የባክቴሪያውን ጂኖች በዘፈቀደ አንድ በአንድ እየሰበሩ፣ እያንዳንዱን የተሰበረ ባክቴሪያ ቲማቲም ላይ ሞከሩት። አብዛኞቹ እንደ ወትሮው ገደሉ። ጥቂቶቹ ግን ደህና እየበሉና እየተራቡ ተክሉን ምንም ማድረግ አቃታቸው። የነዚያ ሰነፎች ስብራት በአንድ ሠፈር የተሰበሰበ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ሰሞን የባቄላ በሽታ በሚያመጣ ሌላ ባክቴሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ጂኖች አግኝተው በ1986 እ.ኤ.አ. ኤችአርፒ የሚል ሥም ሰጥተዋቸው ነበር።

እነዚህ ጂኖች የሚሠሩት ነገር መርፌ ነው። ቃሉ ለማሳመር የመጣ አይደለም፤ ከባክቴሪያው ሽፋን ላይ ቀጭን ቱቦ ይወጣል፤ በሱ በኩል ባክቴሪያው የራሱን ፕሮቲኖች ቀጥታ ወደ ተክሉ ሴል ያስገባል። የወረርሽኝ ባክቴሪያም፣ የታይፎይድ ባክቴሪያም የዚህ መርፌ ዘመድ አላቸው። ሰውን የሚያሳምመውና ድንችን የሚያሳምመው በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው የሚሠሩት።

በመርፌው የሚገቡት ፕሮቲኖች በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ እስከ ሰባ ይደርሳሉ። ሥራቸው የተክሉን የጥበቃ ሥርዓት ማደናገር ነው። ተክል ደም የለውም፣ ነጭ የደም ሴልም የለውም። ግን እያንዳንዱ ሴል ጠባቂ አለው፤ እንግዳ ነገር ሲሸት ማንቂያ ይደውላል፣ ግድግዳውን ያጠነክራል፣ ሲብስበት ራሱን ገድሎ ጠላትን አብሮ ይቀብራል። ከገቡት ፕሮቲኖች አንዳንዱ ማንቂያውን ይቆርጣል፤ ሌላው ወደ ሴሉ ኒውክሊየስ ገብቶ የተክሉን ጂን ራሱን አብርቶ ለባክቴሪያው እንዲሠራ ያደርገዋል። ተክሉ ሳያውቅ የወራሪው ሠራተኛ ይሆናል።

መርፌው ግን መጀመሪያ ላይ አይደለም የሚወጣው። ጉዞው ተራ በተራ ነው። አፈር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከሥሩ የሚወጣውን ምግብ ያሸትታል፣ ጅራቱን እያሽከረከረ ይዋኛል። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ የኬትሊን አለን ቡድን በ2001 እ.ኤ.አ. የጅራቱን ጂን ሰብሮ አየው። ጅራት የሌለው ባክቴሪያ አፈር ላይ ሲፈስ ደካማ ሆነ፤ ግንዱ ውስጥ በቀጥታ ሲወጋ ግን እንደ ጤነኛው ገደለ። ጅራቱ የሚያስፈልገው በሩን ለማግኘት ነው እንጂ ቤት ውስጥ ለመኖር አይደለም ማለት ነው። በሩ ደግሞ አዲስ ሥር ሲወጣ የሚሰነጠቅ ቦታ ነው፤ ወይም ትል የነከሰው፣ ወይም ኩትኳቶ ላይ ዶማ የነካው። ከገባ በኋላ ግድግዳ የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ይረጫል፤ የተክሉን ሴል ሲነካ የሚያውቅ ጂን ይነቃል፤ መርፌው ያን ጊዜ ይሠራል።

ከዚያ ወደ ውሃ መተላለፊያው ቧንቧ ይደርሳል። እዚህ ነው ነገሩ ደቦ የሚሆነው። አንድ ሰው ብቻውን የጎረቤቱን ማሳ አያጭድም፤ ሰው እስኪሰበሰብ ይጠብቃል። ባክቴሪያውም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ትንሽ መልእክተኛ ኬሚካል ይለቃል። ቁጥራቸው ትንሽ ሲሆን ኬሚካሉ ይበተናል፤ እነሱም ዝም ብለው ይበላሉ፣ ይራባሉ። ሲበዙ ኬሚካሉ ይጠራቀማል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ባንድ ላይ ባሕሪያቸውን ይለውጣሉ። መዋኘት ይተዉና አተላ ማምረት ይጀምራሉ። አተላው ቧንቧውን ይደፍነዋል፤ ውሃ ወደ ቅጠል አይወጣም። ቀትር ላይ የምናየው ያ መጠውለግ የዚህ ውሳኔ ውጤት ነው። ተክሉ የሚሞተው በመርዝ ሳይሆን በተደፈነ ቧንቧ ነው። አተላውን ማምረት ብዙ ጉልበት ስለሚፈጅ፣ ብዛታቸው ሳይሞላ ቢጀምሩት ኖሮ ራሳቸውን ያከስሩ ነበር። ጂኖቹ የሚቆጣጠሩት ምን መሥራት እንዳለበት ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚሠራም ጭምር ነው።

በ2002 እ.ኤ.አ. የባክቴሪያው ሙሉ ዘረመል ተነበበ። ከአምስት ሺህ በላይ ጂኖች በሁለት ትልልቅ ቀለበቶች ላይ ተደርድረው ተገኙ። የመርፌው ጂኖች ያሉት በትንሹ ቀለበት ላይ ነው። ከጂኖቹ ብዙዎቹ ከሌላ ባክቴሪያ የተወሰዱ ይመስላሉ፤ ይህ ባክቴሪያ በአካባቢው ያገኘውን ባዕድ ዲኤንኤ እየጎረሰ የራሱ ማድረግ ይችላል። የተዋሰው ዕቃ የመሣሪያ ክምር ሆነለት።

ከአንዲስ እስከ ደጋችን

ዘረመሉ ሌላም ነገር ነገረን፤ ከየት እንደመጣ። ተመራማሪዎች የዚህን ባክቴሪያ ቤተሰብ በአራት ዋና ዋና ዘሮች ይከፍሉታል፤ የእስያ፣ የአሜሪካ፣ የአፍሪካና የኢንዶኔዥያ። ከአሜሪካው ዘር ውስጥ አንድ ጠባብ ቅርንጫፍ ብርድ ይችላል፣ ድንችም ይወዳል። ድንች የመነጨው ከአንዲስ ተራሮች ነው፤ ቅርንጫፉም ከዚያው አህጉር ነው። በዘር ድንች ውስጥ ተደብቆ ዓለምን ዞሯል። በ1995 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስን አስጨንቋል፤ የወንዝ ውሃ ለድንች መስኖ እስከ መከልከል አድርሷል። አሜሪካ ደግሞ ለሽብር ሊውሉ ይችላሉ ብላ በምትፈራቸው የግብርና ተሕዋስያን ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች፤ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው።

ከኢትዮጵያ የድንች ማሳዎች የተሰበሰቡ ናሙናዎች ሲመረመሩም በአብዛኛው የተገኘው ይኸው ቅርንጫፍ ነው። እንግዲህ አስቡት። አንድ አገር በሕግ የሚያስረው ባክቴሪያ እኛ ዘንድ በዶንያ ተጭኖ ከገበያ ገበያ ይጓዛል። የሚጭነው ሰው ጥፋት የለበትም፤ ድንቹ ጤነኛ ይመስላል። ቆላው ላይ ቶሎ የሚያጠወልገው ባክቴሪያ ደጋው ላይ፣ ብርድ ሲሆን፣ ምልክት ሳያሳይ ድንቹ ውስጥ ይቀመጣል። ደገኛው ደህና ምርት ሰበሰብኩ ብሎ ዘሩን ይሸጣል፤ የገዛው የወይና ደጋ ሰው ማሳ ላይ ይፈነዳል።

ልማዱም ለባክቴሪያው ይመቸዋል። ትልልቁ ድንች ይሸጣል ወይም ይበላል፤ ደቃቁ ለዘር ይቀመጣል። ደቃቅ ድንች ግን ብዙ ጊዜ ደቃቅ የሆነው እናቱ ስለታመመች ነው። በየዓመቱ ደቃቁን መትከል ማለት በየዓመቱ በሽታውን መምረጥ ማለት ሊሆን ይችላል። አበው ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ፤ ተረቱ ለሰው ቢነገርም ለድንችም አይሸሽም።

ተክሉም ዝም አላለም

ጦርነቱ ግን ያንድ ወገን አይደለም። የጎመን ዘመድ በሆነች አንዲት ትንሽ አረም ላይ ተመራማሪዎች የሚገርም ወጥመድ አግኝተዋል። ከባክቴሪያው ፕሮቲኖች አንዱ የተክሉን ጥበቃ የሚመሩ ፕሮቲኖችን እየፈለገ ያበላሻል። አረሟ ታዲያ የነዚያን ፕሮቲኖች ቁራጭ የሚመስል ማታለያ ከማንቂያ ደወሏ ጋር አያይዛ ትጠብቃለች። ባክቴሪያው ማታለያውን ሲነካ ደወሉ ይጮኻል። አሠራሩ በዝርዝር የታወቀው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚችው አረም የተወሰደ ሌላ የጥበቃ ጂን ቲማቲምና ድንች ውስጥ ሲገባ በሽታውን የመቋቋም አቅም ጨምሯል። ኡራጓይ ውስጥ ደግሞ አዳቃዮች ከአገራቸው የዱር ድንች ላይ መቋቋሚያ ጂኖችን ወደ ማሳ ድንች እያሻገሩ ነው።

እኛ ጋ የሚተከሉት ጉደኔ፣ በለጠ፣ ጃለኔ፣ ከአዴት የወጡት ዘንገናና ጓሳም በዋናነት የተመረጡት ምችን እንዲቋቋሙ ነው። አጠውልግን ሙሉ በሙሉ የሚችል የድንች ዝርያ በዓለም ላይ እስካሁን የለም። የሚቋቋም መስሎ የሚታይም አደጋ አለው። በሩዋንዳና በአካባቢዋ የታወቀው ክሩዛ 148 የተባለ ዝርያ በሽታውን ታግሶ ምርት ይሰጣል፤ ነገር ግን ባክቴሪያውን ውስጡ ደብቆ ለሚቀጥለው ማሳ ያሳልፋል። የማይጠወልግ ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

ስለዚህ ለጊዜው መድኃኒቱ ያው የጥንቱ ነው፤ ንጹሕ ዘርና ትዕግሥት። የታመመውን ተክል ከነድንቹና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር አውጥቶ ከማሳ ማራቅ፤ ዶማውንና ጫማውን ማጠብ፤ የታመመ ማሳ ጎርፍ ወደ ታችኛው ማሳ እንዳይወርድ ማድረግ፤ ቢያንስ ለሦስት ዓመት በዚያ ቦታ ገብስ ወይም ስንዴ መዝራት፤ ሳይለቀም ቀርቶ በራሱ የበቀለውን ድንች ሁሉ መንቀል። ለዘር የሚሆነውን ደግሞ ከደቃቁ ሳይሆን፣ ማሳው አረንጓዴ እያለ ምልክት ከተደረገበት ጤነኛ ተክል መውሰድ።

ይህን መጻፍ ቀላል ነው። ባለ ሁለት ጥማድ ገበሬን ሦስት ዓመት ድንች አትትከል ማለት ግን ሦስት ሐምሌ ተራብ እንደ ማለት ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱ ካልተባበረም ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ባክቴሪያው በጎርፍ ድንበር ይሻገራል። ለዚህ ነው የንጹሕ ዘር ጉዳይ ለአንድ ገበሬ ብቻ የሚተው ያልሆነው። ሆለታ ላይ አፈር ሳይነካ በቤተ ሙከራ ተባዝቶ የሚጀምረው ዘር፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ እስከ ጋይንት ማሳ ንጹሕ ሆኖ እንዲደርስ በየመንገዱ የሚመረምረው ሰው ያስፈልገዋል። በቀበሌ ያሉ አርሶ አደሮችም አንድ ላይ ተስማምተው ማሳቸውን ማፈራረቅ አለባቸው።

ባክቴሪያው ይህን የገባው ይመስላል። ብቻውን ሲሆን አይነሣም፤ ተቆጥሮ፣ ተማክሮ፣ ባንድ ላይ ነው የሚነሣው። ያለ ደቦ ድንችን አላሸነፈም፤ እኛም ያለ ደቦ አናሸንፈውም።